ቅቤውና አሬራው፤ ኬሚካሎች የሰልፋይድ ማዕድናትን በአረፋ በማንሳፈፍ ሥራ ላይ ያላቸው ድርሻ



ስለ ሰልፋይድ ማዕድናት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ስብሰባችን በአርብ ገበያ መሆኑን የሰሙ አንድ ባልደረባ፣ «መዳብ በማይቆፈርበት አገር ስለ መዳብ ማንሳፈፍ ምን ሊነግሩን ነው?» ሲሉ በቀልድ ጠይቀውኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ የምንገኝበት የታች ጋይንት ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ ወጥቶ በላይ በላዩ የተነጠፈው የባዛልት ዓለት ክፍል ነው። በአገራችን የመዳብ፣ የዚንክና የእርሳስ ሰልፋይድ በይበልጥ የሚፈለገው ግን ዕድሜው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነው፣ በሰሜን በትግራይ፣ በምዕራብ በቤንሻንጉልና በወለጋ፣ በደቡብም በጉጂ ምድር ብቅ ብሎ በሚታየው ጥንታዊ ዓለት ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ ማዕድኑ እዚህ ባይቆፈርም፣ ሥራው የሚመሠረትበት ዕውቀት ከዚህ አዳራሽ ብዙም አይርቅም። አርብ አርብ ወደ ገበያው የወረደ ሰው ቅቤ ሻጮቹን ያያል። ገዢዋ ቅቤውን በጣቷ ነካ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ታሸታለች፤ አሬራ ያቋተ መሆን አለመሆኑን ትመረምራለች። ይህች ሴት በማዕድን ማጣሪያ ፋብሪካ ውስጥ በላቦራቶሪ የሚሠራውን የጥራት ምርመራ በራስዋ መንገድ መሥራትዋ ነው። ንግግሬን ከእርስዋ እንድጀምር ይፈቀድልኝ።

እርጎ ሲገፋ ምን ይሆናል? በቅሉ ውስጥ ያለው እርጎ ሲናጥ አየር ይገባበታል። በእርጎው ውስጥ የተበተኑት የቅባት ቅንጣቶች ውሃን የሚሸሹ በመሆናቸው በአየሩ አረፋ ገጽ ላይ ይሰበሰባሉ፤ እዚያም እርስ በርሳቸው እየተጣበቁ ቅቤ ይሆናሉ። ውሃና ውሃ ወዳዱ ክፍል ከሥር አሬራ ሆኖ ይቀራል። ሙቀቱ ካልተስተካከለ ቅቤው አይወጣም፤ ስለዚህ ባለሙያዋ እንደ ወቅቱ ሞቅ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ትጨምርበታለች። ቅቤው ከወጣም በኋላ በውሃ ታጥበዋለች፤ ምክንያቱም በቅቤው መካከል ተይዞ የወጣ አሬራ ቶሎ ያበላሸዋልና ነው።

በዚህ ሥራ ሁለት ኪሣራዎች አሉ። አንደኛው ቅቤው ሳይወጣ በአሬራው ውስጥ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው አሬራው ከቅቤው ጋር አብሮ መውጣቱ ነው። ፊተኛውን የማዕድን ባለሙያው የማውጣት ድርሻ፣ ወይም በተለመደው አነጋገር ሪከቨሪ በሚለው ይለካዋል፤ ይኸውም ወደ ፋብሪካው ከገባው ብረት ውስጥ ስንት እጁ ተለይቶ እንደወጣ የሚያሳይ ነው። ሁለተኛውን የምርቱ ጥራት ይለዋል። ዛሬ ለማስረዳት የምፈልገው ዋና ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ኬሚካል የሚጨመረው እነዚህን ሁለቱን ኪሣራዎች ለማስታረቅ ነው፤ የሚያስታርቃቸውም ብዛቱ ሳይሆን ዓይነቱ፣ ልኩና ተራው ነው። ይህን ልክ ደግሞ ማንም ከውጭ ጽፎ ሊልክልን አይችልም።

በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ድንጋይ እንደ ቅባት አይደለም። ቅባት በተፈጥሮው ውሃን ይሸሻል፤ አብዛኛው ማዕድን ግን ውሃ ይወዳል። ድንጋዩ በወፍጮ ተፈጭቶ፣ ከውሃ ጋር ተደባልቆ፣ በገንዳ ውስጥ አየር ቢነፋበት መዳቡም አሸዋውም አብረው ይዘቅጣሉ። ስለዚህ የሚፈለገውን ማዕድን ብቻ መርጦ ገጹን የሚያቀባ ነገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ይህን በዘይት ሞከሩት። የቤሰል ወንድማማቾች በ1877 በጀርመን አገር ግራፋይትን በዚህ ዓይነት ዘዴ ለማጣራት ፈቃድ አወጡ። ካሪ ኤቨርሰን የተባለች አሜሪካዊት በ1886 በዘይትና በአሲድ የሚሠራ ዘዴ በስምዋ አስመዘገበች። በ1905 ደግሞ የአየር አረፋን ዋና መሣሪያ ያደረገው ዘዴ ፈቃድ አገኘ፤ በአውስትራሊያ በብሮክን ሂል የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ማውጫ፣ ቀድሞ ተጥሎ የተከመረውን ዝቃጭ እንደገና ወደ ሀብት ለወጠው። የትናንቱ አሬራ የዛሬ ቅቤ ሆነ ማለት ነው።

ታላቁ ለውጥ ግን በ1925 ኮርኔልየስ ኬለር ዛንቴት ለተባለው ኬሚካል ባገኘው ፈቃድ መጣ። ዛንቴትን በ1820ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ዴንማርካዊው ኬሚስት ዛይዘ ሲሆን፣ ስሙም ቢጫ ከሚለው የግሪክ ቃል የተገኘ ነው። ለመቶ ዓመት ያህል በላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የዓለምን የመዳብ ምርት የሚያንቀሳቅስ ሆነ። የዛንቴት ሞሎኪውል ሁለት ጫፍ አለው። አንደኛው ጫፍ ሰልፈር የያዘ ሲሆን የመዳብን፣ የእርሳስንና የመሰሎቻቸውን ብረቶች ገጽ አጥብቆ ይይዛል። ሌላኛው ጫፍ የካርቦንና የሃይድሮጅን ጅራት ሲሆን ውሃን ይሸሻል። ጅራቱ ወደ ውጭ ሲሰለፍ ማዕድኑ ቅባት እንደተቀባ ይሆናል፤ ከአየር አረፋ ጋር ተጣብቆም ወደ ላይ ይወጣል። በአንድ ቶን ድንጋይ የሚጨመረው ዛንቴት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ግራም ነው። ለአንድ የጭነት መኪና ድንጋይ ከአንድ ወይም ከሁለት ኪሎ የማይበልጥ ማለት ይሆናል። የዚህ ሥራ ኃይልም አደጋም በዚህ ትንሽነቱ ውስጥ ነው።

በማንሳፈፊያ ገንዳው የሚገቡት ኬሚካሎች በአምስት ወገን ይመደባሉ። እንደ ዛንቴት ያሉት ሰብሳቢዎች ናቸው። አረፋው ሳይፈነዳ እንዲቆይ የሚያደርጉት አረፋ ፈጣሪዎች ይባላሉ፤ የጥድ ዘይትና ልዩ ልዩ አልኮሆሎች በዚህ ሥር ይገኛሉ። አነቃቂዎች በራሱ የማይንሳፈፈውን ማዕድን ለሰብሳቢው ያዘጋጁታል። አስጣሚዎች በተቃራኒው እንዳይነሣ የሚፈለገውን ከሥር ያስቀሩታል። የመጨረሻዎቹ የውሃውን አሲድነት ወይም አልካላዊነት የሚያስተካክሉት ናቸው፤ ከእነዚህም ዋናው ኖራ ነው።

ከአምስቱ ሁሉ ያልተከበረው፣ ዋጋውም ትንሹ ኖራ ቢሆንም፣ ብዙውን ነገር የሚወስነው እርሱ ነው። ይህንም ዋርክና ኮክስ በሜልቦርን ሠርተው በ1934 ያሳተሙት ጥናት በግልጽ አሳይቶአል። በሊትር 25 ሚሊግራም ኤቲል ዛንቴት ባለበት ውሃ እያንዳንዱ ማዕድን ከአረፋው ጋር መጣበቁን የሚያቆምበት የፒ ኤች ድንበር አለው። ፒሮታይት በ6 ላይ ያቆማል። አርሴኖፓይራይት 8.4 ላይ፣ ለዓይን ኩል ሲሠራበት የኖረው የእርሳስ ሰልፋይድ ጋሌና 10.4 ላይ፣ ፓይራይት 10.5 ላይ፣ የመዳብ ማዕድን የሆነው ካልኮፓይራይት ደግሞ 11.8 ላይ ያቆማል። ከዚህ ሠንጠረዥ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። ውሃውን በኖራ 11 ላይ ብናደርሰው ካልኮፓይራይት ይነሣል፣ ፓይራይት ይቀራል፤ መዳብን ከብረት ሰልፋይድ በኖራ ብቻ መለየት ይቻላል ማለት ነው። ጋሌናንና ፓይራይትን ግን በኖራ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ድንበራቸው የሚለያየው በአንድ አሥረኛ ብቻ ነውና። ሌላ አስጣሚ ያስፈልጋል።

ይህ ድንበር ለምን ተፈጠረ? በማዕድኑ ገጽ ላይ የዛንቴት አዮንና የሃይድሮክሲል አዮን ለአንድ መቀመጫ ይሽቀዳደማሉ። ኖራ ሲጨመር ሃይድሮክሲሉ ይበረታል፤ ዛንቴት ሲጨመር ደግሞ ዛንቴቱ ያሸንፋል፣ ድንበሩም ከፍ ይላል። እንግዲህ አንድ ተረኛ ሠራተኛ «ምርቱ ቀነሰ» ብሎ ዛንቴት ቢጨምር፣ በኖራ ታግዶ የቆየውን ፓይራይት በገዛ እጁ ፈታው ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ተረኛ ፓይራይቱን አይቶ ኖራ ይጨምራል። ሦስተኛው እንደገና ዛንቴት ይጨምራል። ኬሚካሉ ይባክናል፤ ፋብሪካው ግን ከነበረበት ፈቀቅ አይልም። በሌላም ወገን፣ ኖራው አንሶ ውሃው አሲዳዊ ቢሆን ዛንቴቱ ራሱ ይፈርሳል፤ በመፍረሱም በቀላሉ የሚቀጣጠለውና ለሠራተኛው ጤና መርዝ የሆነው ካርቦን ዳይሰልፋይድ ይወጣል። ስለዚህ ፒ ኤች የምርት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይም ነው።

አሁን ወደ ተራው ልለፍ። እርሳስና ዚንክ ብዙ ጊዜ በአንድ ድንጋይ ውስጥ ጋሌናና ስፋለራይት ሆነው አብረው ይገኛሉ። ስፋለራይት፣ ማለትም የዚንክ ሰልፋይድ፣ ንጹሕ ሆኖ ሳለ አጭር ጅራት ያለውን ዛንቴት በደንብ አይዝም። ስለዚህ በመጀመሪያ ዚንክ ሰልፌትና ጥቂት ሳያናይድ ተጨምሮ ስፋለራይት እንዲታገድ ይደረጋል፤ ይህን ዘዴ ሸሪዳንና ግሪስዎልድ በ1922 አስመዝግበውታል። ጋሌናው በዛንቴት ይነሣል። እርሳሱ ከወጣ በኋላ በቀረው ድብልቅ ላይ የመዳብ ሰልፌት ይጨመራል፤ ይህንንም ብራድፎርድ በብሮክን ሂል በ1913 ፈቃድ አውጥቶበታል። የመዳብ አዮኑ በስፋለራይቱ ገጽ ላይ ያለውን ዚንክ አስለቅቆ በቦታው ይቀመጣል። ስፋለራይቱ ከላይ የመዳብ ሰልፋይድ ይመስላል፤ ዛንቴቱም መዳብ ያገኘ መስሎት ይይዘዋል። ዚንኩ በዚህ መንገድ ይነሣል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ተራው ሲጠበቅ ነው። የመዳብ ሰልፌቱ ቀድሞ ቢገባ እርሳስና ዚንክ ተቀላቅለው ይነሣሉ፤ የቀላቀለው ኬሚካል በኋላ ቢቀነስም ተመልሰው በቀላሉ አይለዩም። ከዚህም የከፋው፣ የመዳብ አዮን የሚጨምረው ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። ድንጋዩ ራሱ በከፊል በአየርና በዝናብ የተለወጠ እንደሆነ፣ ገና ሲፈጭ መዳብ ወደ ውሃው ይለቃል። ያን ጊዜ ማንም ሳያዘው ስፋለራይቱ ይነቃል፤ የመዳቡም ምርት በዚንክ ይበከላል። ፋብሪካው የሚሠራበት የኬሚካል መመሪያ በወረቀት ላይ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ድንጋዩ ግን መመሪያውን አላነበበም።

ክቡራን ሆይ፤ ስለ ልክ የተናገርሁት በአሐዝ ካልታየ ምክር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለምሳሌ ያህል የታሰበ ፋብሪካ እንውሰድ። በውስጡ 2 ከመቶ መዳብ የያዘ 100 ቶን ድንጋይ ቢገባ፣ በድንጋዩ ውስጥ ያለው መዳብ 2 ቶን ነው። በመጀመሪያው ቀን ኬሚካሉ በልኩ ተጨምሮ፣ 25 ከመቶ መዳብ ያለው ኮንሰንትሬትና 0.2 ከመቶ መዳብ የቀረበት ዝቃጭ ተገኘ እንበል። ሒሳቡ ሲሠራ የኮንሰንትሬቱ ክብደት 7.26 ቶን ገደማ፣ የማውጣት ድርሻውም 90.7 ከመቶ ይሆናል። በማግሥቱ የምርት ክፍሉ ኃላፊ ድርሻው ከፍ እንዲል ስላዘዙ ሰብሳቢው እጥፍ ተደረገ። በዝቃጩ የቀረው መዳብ ወደ 0.15 ከመቶ ወረደ፤ ነገር ግን ፓይራይቱም አብሮ ስለተነሣ ኮንሰንትሬቱ 15 ከመቶ ሆነ። የማውጣት ድርሻው 93.4 ከመቶ ደረሰ። በሪፖርቱ ላይ ይህ ቀን ከፊተኛው የተሻለ ሆኖ ይጻፋል።

ዳሩ ግን የኮንሰንትሬቱ ክብደት ከ7.26 ወደ 12.46 ቶን አድጎአል። የተጨመረው 5.2 ቶን ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ተጨማሪ መዳብ 54 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። የራስዋ ወደብ ለሌላት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። 54 ኪሎ መዳብ ለማትረፍ ከአምስት ቶን በላይ በአብዛኛው ዋጋ የሌለው ድንጋይ፣ በውጭ ምንዛሪ በተገዛ ነዳጅ፣ በረሃ አቋርጦ እስከ ጅቡቲ ይጓዛል፤ ከዚያም በመርከብ ይጫናል። ብረቱን የሚያቀልጠው ገዢ ደግሞ ለብረት ሰልፋይዱ ዋጋ አይከፍልም፤ አርሴኒክ ካለበት እንዲያውም ቅጣት ይቆርጣል። የማውጣት ድርሻ ብቻውን ሲታይ የሚያታልል ቁጥር ነው የምለው ለዚህ ነው። አሬራ ያቋተ ቅቤ በሚዛን ሲደፋ ያስደስታል፤ የገበያዋ ሴት ግን አትታለልም።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን የሩቅ ነገር አይደለም። በትግራይ በሽሬ አካባቢ ቴራኪምቲ የተባለው ሥፍራ መዳብ፣ ዚንክ፣ ወርቅና ብር አብረው የሚገኙበት ሰልፋይድ ክምችት ነው። በዚያው የአረብና የኑቢያ ጋሻ በሚባለው ጥንታዊ ዓለት ላይ፣ በጎረቤት ኤርትራ የሚገኘው የቢሻ ማዕድን የእርሱ ዘመድ ነው። የዚህ ዓይነት ክምችት ከላይ ወደ ታች ሦስት ንብርብር አለው። በላይ በአየርና በዝናብ የተቃጠለው፣ ወርቅ ቀርቶበት መዳቡ ታጥቦ የሄደበት ክፍል ይገኛል። ከሥሩ፣ ታጥቦ የወረደው መዳብ የተከማቸበት ክፍል አለ። ከሁሉ በታች ያልተነካው የመዳብና የዚንክ ሰልፋይድ ይገኛል። በቢሻ ሥራው ይህንኑ ቅደም ተከተል ተከትሎአል፤ በ2011 በወርቅ ተጀመረ፣ በ2013 ወደ መዳብ ማንሳፈፍ ተሸጋገረ፣ በ2016 ደግሞ የዚንክ ማንሳፈፊያ ተጨመረበት።

ልብ በሉ፤ አንድ ጉድጓድ ነው፣ ግን ሦስት ልዩ ልዩ ኬሚስትሪ ይፈልጋል። ለላይኛው ክፍል የሚጠቅመው ሳያናይድ ለመካከለኛው አይስማማም፤ የመዳብ ማዕድናት ሳያናይዱን ይበሉታልና። በመካከለኛው ክፍል በቀላሉ የሚሟሟው መዳብ፣ ቀደም ብዬ እንዳልሁት፣ ስፋለራይትን ያለ ፈቃድ ያነቃዋል። በከፊል ወደ ኦክሳይድ የተለወጠ ማዕድን ሲያጋጥም ገጹን በሶዲየም ሰልፋይድ መልሶ ሰልፋይድ ማስመሰል ይቻላል፤ ነገር ግን ይኸው ሶዲየም ሰልፋይድ ከልኩ ካለፈ ራሱ አስጣሚ ሆኖ ሁሉንም ከሥር ያስቀራል። መድኃኒቱና መርዙ አንድ ብልቃጥ ውስጥ ናቸው። ጉድጓዱ ጠልቆ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው በሚሸጋገርበት ወራት፣ ትናንት የሠራው ልክ ዛሬ አይሠራም። ያን ጊዜ በየዕለቱ እየፈተነ ልኩን የሚያስተካክል ባለሙያ በሥፍራው ከሌለ፣ መዳቡ በዝቃጭ ግድቡ ውስጥ ይቀበራል።

በጉጂ ሻኪሶ አካባቢ የሚገኘውን ለገ ደምቢንም እንመልከት። ይህ የወርቅ ማዕድን ወርቁን በሳያናይድ አሟሙቶ በከሰል የሚሰበስብ ነው። ጂኦሎጂስቶች እንዳጠኑት፣ ወርቁ በኳርትዝ ሥሮች ውስጥ ከሰልፋይዶች ጋር፣ በተለይም ከጋሌና ጋር ተቀራርቦ ይገኛል። እንደዚህ ያለ ጉርብትና ባለበት ሥፍራ ወርቅ ያዘሉትን ሰልፋይዶች አስቀድሞ በአረፋ ማንሳፈፍና በጥቂት ድንጋይ ላይ ብቻ ሳያናይድ መጠቀም ይቻል ይሆን ብሎ መጠየቅ ከኛ ሙያ የሚጠበቅ ነው። መልሱ በየማዕድኑ የተለየ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ በእርሳስና በዚንክ ሥራ አስጣሚ ሆኖ የሚያገለግለው ሳያናይድ ወርቅ ባለበት ድንጋይ ላይ ቢጨመር ወርቁን አሟሙቶ ከውሃው ጋር ሊያስወጣው ይችላል። ከሌላ አገር የተቀዳ መመሪያ እንዴት ኪሣራ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም።

የውሃም ነገር እንዲሁ ነው። የደጋው ባዛልት ውሃ በአብዛኛው ካልሲየምና ማግኒዥየም ቢካርቦኔት የያዘ ነው፤ የስምጥ ሸለቆው ውሃ ደግሞ ሶዲየምና ፍሎራይድ ይበዛበታል። በንጹሕ ውሃ የተሠራ ሙከራ በነዚህ ውሃዎች ሲደገም አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም። በበጋ ውሃ ሲያጥር ፋብሪካው ያገለገለውን ውሃ መልሶ ይጠቀማል፤ ያ ውሃ ደግሞ የትናንቱን ዛንቴት፣ የትናንቱን ኖራና የትናንቱን መዳብ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ የሙከራ ውሃ ከሥራው ቦታ መቀዳት ይኖርበታል፤ በበጋም በክረምትም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚከብደኝ ነጥብ ደርሻለሁ። አስጣሚ ስንል ፓይራይቱን አጠፋነው ማለት አይደለም። ወደ ዝቃጩ ሰደድነው ማለት ነው። ዝቃጩ ከግድቡ ውስጥ አየርና ዝናብ ሲያገኘው ፓይራይቱ ቀስ በቀስ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ከድንጋዩ ውስጥ አርሴኒኩንና ሌሎቹን ብረቶች እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል። ፋብሪካው ተዘግቶ፣ እኛም ጡረታ ወጥተን፣ ይህ ሥራ ለብዙ ዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ከታች ያለው ገበሬ በሪፖርታችን ውስጥ የለም፤ በውሃው ውስጥ ግን አለ። በ2018 የለገ ደምቢ አካባቢ ነዋሪዎች ስለ ጤናቸውና ስለ ውሃቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማሰማታቸውን፣ የማዕድኑም ፈቃድ መታገዱን ሁላችንም እናስታውሳለን። የዚያን ጉዳይ ዝርዝር መመርመር የዚህ ንግግር ተግባር አይደለም። ለሙያችን ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የማውጣት ድርሻን ስንቆጥር የቀረውንም መቁጠር ግዴታችን ነው።

በዚህ ረገድ ልንኮራበት የሚገባ የአገር ምሳሌ አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ ተመለከቱ። እንዶድ ሳፖኒን የተባለ አረፋ ፈጣሪ ኬሚካል እንዳለው የታወቀ ነው፤ ብዙ ሰው ያየው አረፋውንና የነጣውን ሸማ ነበር። እርሳቸው ግን ከአጣቢዎቹ በታች ወዳለው ውሃ ተመለከቱ፤ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዚያ ምልከታ ለዓለም የተረፈ ምርምር ተወለደ። አረፋ የፈጠረው ኬሚካል በአረፋው አያበቃም፤ ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል። በአድዋ ወንዝ ያ መሄዱ ለበጎ ሆነ። የኛ ኬሚካል ሲሄድ ግን ለበጎ መሆኑን ማንም አስቀድሞ ሊምል አይችልም፤ ስለዚህ እንደ እርሳቸው ወደ ታች መመልከት ልማዳችን መሆን አለበት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ማዕድኑን ሳናውቅ ስለ ኬሚካሉ አንናገር። የትኛውም ናሙና ወደ ሙከራ ገንዳ ከመግባቱ በፊት በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ ማዕድናቱ እስከ ምን ድረስ ሲፈጩ እንደሚላቀቁ፣ ገጻቸው ምን ያህል እንደተለወጠ ይታወቅ። ከመጠን በላይ የሻከረውን ቅንጣት አረፋው አይሸከመውም፤ ከመጠን በላይ የላመውንም አያገኘውም። የወፍጮ ጥፋት በኬሚካል አይታረምም።

ሁለተኛ፤ ሙከራው በራሳችን ላቦራቶሪዎች፣ በራሳችን ድንጋይና በራሳችን ውሃ ይሠራ። የማንሳፈፊያ የሙከራ መሣሪያ ከሌሎች የምርምር መሣሪያዎች ጋር ሲነጻጸር ውድ አይደለም። ጥቂት ሊትር የሚይዝ ገንዳ፣ የፒ ኤች መለኪያ፣ ሚዛንና ትዕግሥት ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ያልተሳካው ሙከራም እንደተሳካው ሁሉ ይመዝገብ። ኖራ በአገር ውስጥ ይቃጠላል፤ የየአካባቢው ኖራ ንጽሕናው ምን ያህል እንደሆነ፣ ለዚህ ሥራ እንዴት እንደሚመች ማጥናት ለወጣት ባልደረቦቻችን የሚበቃ የምርምር መስክ ነው።

ሦስተኛ፤ ማንኛውም የማጣሪያ ዕቅድ ሲመረመር ሁለት ሠንጠረዦች ጎን ለጎን ይቅረቡ። አንደኛው የወጣውን ብረት የሚያሳይ፣ ሁለተኛው ወደ ዝቃጩና ወደ ውሃው የሄደውን፣ ከነኬሚካሉ፣ የሚያሳይ ይሁን። ሁለተኛው ሠንጠረዥ ከፋብሪካው በታች ለሚኖረው ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። የማያውቁትን ነገር በዝምታ እንዲጠጡ ማድረግ የሙያ ሥነ ምግባር አይደለም።

ክቡራንና ክቡራት፤ ከላይ የጠቀስሁዋት የገበያ ሴት ስለ ዛንቴትም ስለ ፒ ኤችም አልሰማችም። ነገር ግን እርጎው ምን ጊዜ እንደሚገፋ፣ ውሃው ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ቅቤው ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ ታውቃለች፤ ልኩን ያገኘችውም የራስዋን ላም ወተት በራስዋ ቅል እየገፋች ነው። አሬራውንም አትደፋውም፤ ለቤቷ ታውለዋለች። የኛ ድንጋይ ገና በአብዛኛው አልተገፋም። በሚገፋበት ጊዜ ልኩን የምናውቀው እኛ እንድንሆን፣ ከሥር የሚቀረውም ለጎረቤት መርዝ እንዳይሆን፣ ሥራው ከአሁኑ በላቦራቶሪዎቻችን ይጀመር እላለሁ።